ሁለት ኮከብ ለደብሪቱ

ውሻ ሆኜ እንጀራ በልቻለሁ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። በቀበሌ ኪነት ጀምሬ፣ በየመድረኩ ንጉሥም ባላባትም ሆኜ ስተውን አንድ ሰው ደመወዝ ከፍሎኝ አያውቅም። በሃያ አራት ዓመቴ በአራት እግሬ ስሄድ ግን ወር በገባ ቁጥር ፈርሜ እቀበል ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የጤና ፕሮጀክት በመንዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየዞረ ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚያስተምር ቴአትር ፈለገና እኔና ጽጌ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀጠርን። ጽጌ አስተማሪ የነበረች፣ ከእኔ በአምስት ዓመት የምትበልጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እኔ ረጋ ማለት አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

ቴአትሩን ልጆቹ ተቀምጠው እንዲያዩት ብቻ አልሠራነውም። ታሪኩ አጭር ነው፦ አንድ ልጅ በቤቱ ውሻ ይነከሳል፣ ለቤተሰቡ ሳይናገር ይደብቃል፣ ይታመማል። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እናሳያቸዋለን። ከዚያ ጽጌ ፊታቸው ቆማ፣ «አሁን እንደገና እንጀምራለን። ስህተት ያየ ልጅ ‹ቁም!› ይበል። ቁም ሲባል ሁላችንም ባለንበት እንደርቃለን። ቁም ያለው ልጅ ይወጣና የፈለገውን ሰው ቦታ ይዞ ነገሩን ያስተካክላል» ትላቸዋለች። ጽጌ ነጠላ ስትለብስ እናት፣ ስታወልቅ ልጅ ነበረች። እኔ ጥቁር በርኖስ ገልብጬ ለብሼ፣ አፌን በሳሙና አረፋ ሞልቼ፣ ውሻ። የዚያ ሳሙና ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

አንድ ደብተር ነበረኝ። ጎበዝ የሚተውን ልጅ ሳይ ስሙን እጽፍና አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ እሠራለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የልጆች የቴአትር ቡድን ላቋቁም አስቤ ነው። ስስታም ነበርኩ፤ ስድስት ትምህርት ቤት ዞረን አራት ኮከብ ብቻ ነው የሰጠሁት። አንዱን ከዘመሮ ወዲያ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ለአስካለ ነው የሰጠሁት። አስካለ «ቁም!» ብላ ከወጣች በኋላ እኔ እያጓራሁ ስጠጋት ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ «አታምጡብኝ!» ብላ የጮኸች ልጅ ናት። ከስሟ ጎን «ፍርሃቷ የእውነት ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰባተኛው ትምህርት ቤት ከሞላሌ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ልጆች ጠዋትና ማታ እየተሻገሩ ነው የሚማሩት። ገብስ የሚወቃበት ወር፣ የመንፈቅ ፈተና የደረሰበት ሰሞን፣ ዕለቱም ዓርብ ነበር። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

ታሪኩን ለሁለተኛ ጊዜ ጀምረን፣ ጽጌ ቁስሏን በልብሷ የምትሸፍንበት ቦታ ላይ ስንደርስ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «ቁም!» አለ። ደረቅን። እኔ አንድ እጄን አንሥቼ፣ አረፋዬ እየተንጠባጠበ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች፣ ግራ ባቷ ላይ ጨርቅ የጠመጠመች ልጅ መጣች።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት ጽጌ።

«ደብሪቱ።»

«የማንን ቦታ ትይዣለሽ?»

«የልጁን።»

ጽጌ ነጠላዋን አጣፍታ እናት ሆነች። «ልጄ፣ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

እዚህ ጋ ልጆች ሁሉ የሚሉትን እናውቃለን፤ «ውሻ ነከሰኝ እማዬ» ይላሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። ደብሪቱ ግን፣ «እሾህ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ተንበርክካ አንገቴን አቀፈች። በጆሮዬ ነው የተናገረችው፣ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ለማንም አልናገርብህም» አለችኝ። «ከተናገርኩ አንተን ይገድሉሃል። እኔንም ወንዝ አያሻግሩኝም። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።»

ፀጉሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ትወና ከትልልቆቹም አላየሁም ብዬ አሰብኩ። ከአራት እግሬ ተነሥቼ አረፋዬን ጠረግኩና አጨበጨብኩ። ልጆቹም ተከተሉኝ።

«ተዋናይ ማለት እንዲህ ናት!» አልኩ። «ግን መልሱ ልክ ነው? መደበቅ ልክ ነው?»

«አይደለም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ደብሪቱ መሐል ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። «ሂጂ ተቀመጪ፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። እያነከሰች ሄደች። እኔም ወደ ጽጌ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «አየሻት? እስከ አሁን ከገጸ ባሕሪው አልወጣችም!» ብዬ ሳቅኩ። ቀጥሎ የወጣው ልጅ «በውሃና በሳሙና እታጠባለሁ፣ ለእናቴ እናገራለሁ፣ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» ብሎ እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበልንና እስክሪብቶ ተሸለመ። ማታ ሞላሌ ስንገባ ደብተሬን አውጥቼ «ደብሪቱ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ኮከብ። ሁለት ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጠን ዳቦ በሻይ እንበላለን። የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ይባላሉ። እኔ አፌ አያርፍ፣ ተነሥቼ የደብሪቱን ትወና ለእሳቸው እየሠራሁ አሳያቸው ጀመር። «ወንዝ አያሻግሩኝም» የሚለው ላይ ስደርስ የሚያጥቡትን ብርጭቆ ይዘው ቀጥ አሉ።

«ይሄንን ማን ነው ያስተማራት?»

«ከራሷ ፈጥራ ነው እኮ እትዬ! ድንቅ ነገር!»

«ኧረ በስመ አብ! ልጄ፣ ይሄ ከራስ አይፈጠርም። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ መርዙ ይነሣበታል። ከእናንተ ጨዋታ ላይ አለ እንዴ?»

ጽጌን አየኋት። የለም። ቴአትሩን ደብረ ብርሃን ቢሮ ተቀምጠን ከሐኪም ወረቀት ላይ ነው የጻፍነው። ወንዝ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጽጌ ቀስ ብላ ብድግ አለች።

«ተፈራ፣ እግሯ ላይ ጨርቅ ነበር። ታነክስ ነበር።»

ሻያችንን እንደተቀመጠ ትተን ወጣን።

ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሱ፣ «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፣ አዲስ አበባ ነው። ምልክቱ ከታየባት በኋላ ግን ማንም አያድናትም። ከተነከሰች ስንት ቀኗ ነው?» አለን። አላወቅኩም። አስተማሪው እኔ፣ ውሻው እኔ፣ አንገቴን አቅፋ የነገረችኝ እኔን፣ እና አላወቅኩም። የፕሮጀክቱ መኪና መሐል ሜዳ ከተማ ሄዷል፣ እስከ ሰኞ አይመለስም። በእግር ነካነው። የሦስት ሰዓቱን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረስን መሰለኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቤቷን ከማዶ አሳየን። ወንዙ ጉልበት አይደርስም፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ተሻገርን።

አባቷ አቶ ሰይፉ አውድማቸው ላይ ገብስ በመንሽ ያገላብጣሉ። እናቲቱ አራስ ናት፣ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ጽጌ «ቀስ ብለን...» ስትል እኔ ቀድሜያት ከሩቅ ጮህኩ፤

«ልጅዎ በእብድ ውሻ ተነክሳለች!»

ደብሪቱ ከጎጆው ጀርባ ወጣች። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ ልነግራችሁ አልችልም። ምስጢሯን ያወጣሁባት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልናገርም ያለችው ነገር አውድማ ለአውድማ እያስተጋባ ነው። አባቷ ጨርቁን ፈቱት። አራት የጥርስ ምልክት፣ ዙሪያው ጠቁሮ አብጧል።

«ማነው? ቡላ ነው?» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች። ቡላ ውሻቸው ነው። ነክሷት በሦስተኛው ቀን ጠፋ፤ አባቷ ጅብ በላው ብለው ትተውታል። እሷ ግን ይመለሳል ብላ በየምሽቱ ከአጥሩ ሥር ፍርፋሪ ታስቀምጥለት ነበር።

«ስንት ቀንሽ ነው?» አለቻት ጽጌ።

«ዛሬ አሥራ ሁለት።»

«አባቴ፣ አሁኑኑ ይዘናት እንሂድ» አልኩ። «አዲስ አበባ መርፌ አለ። ወንዙን ተሻግረን...»

«የምን ወንዝ?» አሉ አቶ ሰይፉ። «የተነከሰች ልጅ ወንዝ ላሻግር? ልግደላት? እዚሁ ከእኛው ወገን መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ። አርባ ቀኗን እስክትጨርስ ከዚህች ደጅ ንቅንቅ አትልም።»

ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። ሐኪም ጠቀስኩ። ገብሱ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አሸናፊ የመሰለኝን ነገር አወጣሁ፤

«ወንዙ የሚገድላት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሞታ ነበር! ከነከሳት ጀምሮ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ጠዋትና ማታ ተሻግራለች እኮ!»

መንሹ ከእጃቸው ወደቀ።

«ተሻግራለች?» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተሻግረሻል?»

«ፈተና ነበረብኝ አባዬ።»

አቶ ሰይፉ ገለባው ላይ ዘፍ አሉ። «እንግዲያማ አልቆላታል» አሉ። «ልጄ አልቆላታል!» ራሳቸውን ይዘው ያለቅሱ ጀመር። ከውስጥ እናቲቱ ሰማችና ኡኡታዋን አቀለጠችው። አቤት የኔ ነገር! ላድናት መጥቼ ቁማ እያየች አስለቀስኩባት። አባቷ ስሟን እየጠሩ፣ ሥራዋን እየዘረዘሩ፣ እንደ ሞተች ያለቅሱላታል፤ እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ጽጌ ልታረጋጋ ሞከረች፣ የሚሰማት የለም። እኔም እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ተስፋዬ ጨርሶ ተቆርጦ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ይህች ልጅ እጃችን ላይ ሞተች ብዬ ደምድሜያለሁ።

«ቁም!»

ድምፁ ጩኸት አልነበረም። ግን ሰባት ትምህርት ቤት ለምደነው፣ እኔና ጽጌ ባለንበት ደረቅን። እንባዬን ልጠርግ ያነሣሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። አቶ ሰይፉን ድንጋጤው ልቅሷቸውን አስተዋቸው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ደንባችን ነው አባቴ» አለች ጽጌ ሳትንቀሳቀስ። «ቁም ያለ ልጅ የፈለገውን ሰው ቦታ ይይዛል። ደብሪቱ፣ የማንን ትይዣለሽ?»

«የአባዬን።»

ሄዳ ከአባቷ ትከሻ ላይ ጋቢያቸውን አወረደች። ለበሰችው፣ መሬት ይጠርግ ነበር። መንሹን አነሣች። «አንቱ እኔን ይሁኑ» አለቻቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ተነሺ» አለች፣ ድምፅዋን አወፍራ። «ወንዙን አላሻግርሽም። በላይ በኩል፣ በምንጩ አናት እንዞራለን። ውሃው ከመሬት ሳይወጣ።»

አቶ ሰይፉ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሩቅ ነው» አሉ በመጨረሻ። የማንን ቦታ ይዘው እንደተናገሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ተራራው ሩቅ ነው። እግሬ ታሟል።»

«እሸከምሻለሁ» አለች ደብሪቱ።

አቶ ሰይፉ ተነሡ። ጋቢያቸውን ከነልጃቸው ጠቅልለው ጀርባቸው ላይ አዘሏት። ጎጆው ደጃፍ ላይ ቆመው ለሚስታቸው የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ ላይ መንገድ ጀመሩ። እኔና ጽጌም ተከተልን።

የወንዙን ዳር ዳር ይዘን ወጣን። ወንዙ ጅረት ሆነ፣ ጅረቱ ረግረግ ሆነ፣ ከዚያ ጓሳ ሣር የበቀለበት ደረቅ አናት ላይ ደረስን። ጉሙ ወርዶ አሥር እርምጃ አያሳይም። አቶ ሰይፉ በመንሻቸው ዘንግ መሬቱን እየነኩ ያዳምጣሉ፤ ርጥበት ባገኙ ቁጥር ደግሞ ከፍ ይላሉ። በቀጥታ ተሻግሮ ማዶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ከአራት ሰዓት በላይ ወሰደብን። ልጅቷን ላግዝዎት ብላቸው «እሸከምሻለሁ ተብላለች» ብለው እምቢ አሉ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ፊቷን እሰልላለሁ። ምራቋን ስትውጥ ይጨንቀኛል። ውሃ ስትጠይቅ ኮዳውን ሰጠኋትና ዓይኔን ተከልኩባት፤ በሽታው የተነሣበት ሰው ውሃ ይፈራል። ጠጣች። ተመስገን፣ ጠጣች!

ጥርጊያው መንገድ ላይ ስንወጣ በግ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ስንለምነው ልጅቷንና አባቷን ጋቢና አስገባ፣ እኔና ጽጌ ከበጎቹ ጋር ሆንን። ጥቂት እንደሄድን ድልድይ ጋ ደረስን። አቶ ሰይፉ «አቁም!» አሉ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ከላይ ዘልዬ ወርጄ በሩ ላይ ደረስኩ። እንግዲህ ይሄኛውን በየት በኩል ልንዞረው ነው? ሾፌሩ «ምንድነው ነገሩ፣ ይመሻል እኮ!» ይላል። አቶ ሰይፉ ውሃውን ያያሉ፣ ልጃቸውን ያያሉ። ከዚያ ከወንበሩ አንሥተው እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጧት፣ እግሮቿን ከመኪናው ወለል ላይ አነሡና በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«የምሻገረው እኔ ነኝ» አሉ፣ ለውሃው ይመስለኛል። «እሷ እኔ ላይ ናት። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ንዳ!»

እስከ አዲስ አበባ ስንት ድልድይ እንዳለ ያን ቀንና ማግስቱን ነው ያወቅኩት። በእያንዳንዱ ላይ እግሮቿን ያነሣሉ።

መርፌው ያኔ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፣ በየቀኑ፣ አሥራ አራት ቀን። ጽጌ ሥራው እንዳይቆም ተመለሰች፣ እኔ ቀረሁ። ደብሪቱ አንድም ቀን አልጮኸችም። በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሆዷን ይዛ እንደተኛች፣ «ቡላ ሞቷል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ለማንም አልናገርብህም ብዬው ነበር» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል፤ እንግዲህ መጠበቅ ነው» ብሎናል። መጠበቅ ማለት ቀን አይደለም፣ ወራት ነው። አባትና ልጅ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም እኔ ሰው ከዚያ በኩል በመጣ ቁጥር ስለ እሷ ለመጠየቅ እሮጥ ነበር።

ደብሪቱ ዳነች። ፈተናውንም ለብቻዋ አስቀምጠው ፈተኗት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አንድ ቀን ግን ደብተሬን ስገልጥ ከደብሪቱ በላይ ያሉትን አራት ኮከቦች አየሁና «እነዚህስ የምራቸውን ቢሆንስ?» አልኩ። ለጽጌ እንኳ ሳልነግር አንድ በአንድ ፍለጋ ሄድኩ። ሦስቱ ልጆች ደህና ነበሩ፣ በእርግጥም ተዋናዮች ናቸው። ከዘመሮ ወዲያ ያለችው ትምህርት ቤት ስደርስ አስተማሪዋን «አስካለ የምትባል ልጅ ነበረችሽ፣ እስቲ ጥሪልኝ» አልኳት።

«አስካለ?» አለች። «አልሰማህም? ከሄዳችሁ በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት እኮ። ውሃ ሲያቀርቡላት ትጮህ ነበር። ቀኝ እጇ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበር፣ መቼ እንደተነከሰች ያወቀ የለም።»

ደብተሩ እጄ ውስጥ ነበር። «ፍርሃቷ የእውነት ይመስላል።» የራሴ ጽሑፍ ነው፣ በቀይ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አስተማሪም ሁኑ ወላጅ፣ ልጅ ጨዋታ አስመስሎ የሚነግራችሁን ነገር አደራ እንዳትንቁት። ልጅ በግልጽ የማይለውን የሌላ ሰው ቦታ ይዞ ይለዋል። እኔ መድረክ ሰጠኋቸው፣ ተናገሩ፣ አጨበጨብኩ። ዛሬም ይህንኑ ሥራ እሠራለሁ፣ ውሻ መሆኑን ግን ጉልበቴም ልቤም እምቢ ብሎኛል። ደንባችን ላይ አንድ ነገር ጨምረናል፤ ልጅ ወጥቶ ሲጨርስ ማንም አያጨበጭብም። እኔ ወይም ጽጌ ከሰው ፈንጠር አድርገን ወስደን፣ ጎንበስ ብለን «ይሄ ነገር ባንተ ደርሷል?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ ይስቁብናል። ይሳቁ።

አስካለን አልጠየቅኳትም።